የተከላካዩ ዋስ

መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ቆየ፤ እዮብ ግን መኪናውን አላንቀሳቀሰም። ሁለት እጆቹን መሪው ላይ እንዳሳረፈ ፊት ለፊቱን ያያል። ከኋላ አንዱ ክላክስ አደረገ፤ ሌላው ተቀበለው።

"ልጄ፣ ተለቋል እኮ" አለው ይርጉ ከጎኑ ተቀምጦ።

እዮብ የሰማ አይመስልም። ሦስተኛው ክላክስ ረዘም አድርጎ ሲጮህ ግን ትከሻው ነዘር አለ። ቀበቶውን ፈታ፤ በሩን ከፍቶ ወረደ። ይርጉ "ተው!" እስኪል ድረስ ከኋላቸው የቆመችው ትንሽ መኪና ጋ ደርሶ ኮፈኗን በመዳፉ መትቷት ነበር። ውስጥ የተቀመጠችው ወጣት ፈረንጅ በሯን ቆለፈች። ስልኳንም ወደ ፊቷ አነሳች።

እዮብ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ይርጉ ደረቱ ድረስ እንኳ አይደርስም። ቢሆንም ሮጦ ከኋላ የሱሪ ቀበቶውን ጨመደደው።

"በእመብርሃን ይዤሃለሁ! ተመለስ!"

የትልቁ ሰውዬ ጀርባ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ቆየ። ከዚያ ድንገት ላላ። እዮብ ዞር ብሎ ይርጉን አየው፤ ልጅቷን አየ፤ የራሱን መዳፍ አየ።

"ምን አደረግኩ ጋሼ?"

"ምንም። ና ግባ። እኔ እነዳለሁ።"

ይርጉ ለልጅቷ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቃትና መሪውን ያዘ። የሲያትልን ጃክሰን ጎዳና ይዘው ትንሽ እንደሄዱ እዮብ መነጽሩን አወለቀ፤ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

"የት ነበር የምንሄደው?"

"ላውንደሪ። ሱፍህን ልንቀበል።"

"የምን ሱፍ?"

ይርጉ ገልመጥ አድርጎ አየው። እዮብ ያደገው እዚሁ ሰፈር ነው፤ ሱፉን ላውንደሪ ያስገባውም ራሱ ነው። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ይርጉ ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትሎ ፍቅረኛውን ናዝራዊትን ለእሱ ለመጠየቅ ለሁለተኛ ጊዜ የሚሄድበት ቀን ነው። ነገሩ ከሰመረ እዮብ ያንን ሱፍ ለብሶ ይመጣና የአማቶቹን ጉልበት ይስማል። ለዚህ ቀን ክረምቱን በሙሉ ሲጓጓ ከርሟል።

"ሽምግልናው ዛሬ ነው" አለው በመጨረሻ።

"ኦ... አዎ። አዎ፣ ዛሬ ነው።" እዮብ ራሱን ነቀነቀ። "አውቃለሁ እኮ።"

ሱፉ ይቆይ ብሎ ይርጉ ሶዶ ወደሚሉት የመጋዘን ሰፈር ወረደ፤ መጋዘኖቹ መሃል፣ ከድልድዩ ሥር ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጎ ፓርክ አደረገ። ለስንት ሳምንት የጠፋችው ፀሐይ ወጥታ የሲያትል ሰው በየመንገዱ ዳር ፊቱን አዙሮ ይሞቃታል። እዮብን ግን ብርሃኗ እንደ መርፌ ይወጋዋል። ጥቁር መነጽሩን መልሶ አጥልቆ፣ በላዩ ደግሞ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ።

ይርጉ ሲታክ በሚባለው ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ፓርኪንግ መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ሹፌር ነው። ብዙ አይናገርም። ሰው ሲያወራ አያቋርጥም፤ የሰማውንም ሌላ ቤት ይዞ አይሄድም። ሐበሻው ባልና ሚስት ሲጣሉም፣ ልጅ ሲዳርም "ይርጉን ጥሩት" የሚለው በዚህ ጠባዩ ነው። አሁንም ሞተሩን አጠፋ። እዮብ ራሱ ጀመረ።

"ይኸው እርስዎም አይተውኛል። አሁን ምን ልበል?"

"መቼ ጀመረህ?"

"የበረዶ ሆኪ መጫወት ካቆምኩ በኋላ ነው። ማለቴ፣ መናደዱ ድሮም ነበር። ድሮ ግን ይከፈለኝ ነበር።" ሊስቅ ሞከረና ተወው።

የእዮብን ስም ያልሰማ ሐበሻ በዚህ ከተማ የለም። አባቱ ተክለጻድቅ፣ ቤተሰቡ አሜሪካ በገባ ሰሞን፣ ከከተማው በስተሰሜን ያለ የበረዶ መጫወቻ አዳራሽ ያጸዳ ነበር። ሚስቱ ሆቴል ማታ ማታ ስትሠራ ልጁን የሚይዝላቸው ሰው ስላልነበረ አባትየው አብሮት ይወስደዋል። ሰው የጣለውን አሮጌ ጫማ እግሩ ላይ አስሮለት በረዶው ላይ ይለቀዋል፤ እሱ ሥራውን ይሠራል። ልጁ መሄድ የተማረው ሁለቴ ነው እያለ ተክለጻድቅ ያጫውታል፤ አንዴ ወሊሶ፣ አንዴ በረዶ ላይ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ካናዳ ወሰዱት፤ የማያውቀው ፈረንጅ ቤት ምድር ቤት ውስጥ እየተኛ ተጫወተ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜውን የበላው የታችኛው ሊግ ነው፤ አውቶቡስ፣ ትንንሽ ከተማ፣ ርካሽ ሆቴል። ትልቁ ሊግ ድረስ ወጥቶ የቆየው አንድ ክረምት ብቻ ነበር። ያን ክረምት ሐበሻው ቼሪ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ሞልቶ በቴሌቪዥን አየው። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ጎል ነበር፤ እሱ ግን አላገባም። "ልጅህ ለምንድን ነው የማያገባው?" እያሉ አባቱን አደረቁት።

"እኔ ተከላካይ ነበርኩ ጋሼ" አለ እዮብ። "ሁለት ዓይነት ተከላካይ አለ። አንደኛው ፓኳን፣ ያቺን ጥቁር ጎማ፣ እየነዳ ይወጣል፤ ጎል ያስቆጥራል፤ ሀብታም ይሆናል። ሌላው ጎሉ አፍ ላይ ይቆማል። እኔ የቆምኩት እዚያ ነው። ፓኳ ስትተኮስ ሰውነቴን እሰጣታለሁ። በረኛችንን የነካውን ሰውዬ ደግሞ ጓንቴን ጥዬ እደበድበዋለሁ።"

"ዳኛውስ?"

"ዳኛው አንዳችን እስክንወድቅ ይጠብቃል። ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል። አባዬም ያጨበጭብ ነበር።"

"አንተ የወደቅክ ዕለትስ?"

"መነሳት ነዋ። ካልተነሳሁ ቦታዬን የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ።" እዮብ መዳፉን ከዓይኑ ላይ አነሳ። ሁለት ጣቶቹ ተሰብረው ጠማማ ገጥመዋል። "ሐኪሞች ነበሩ። ወቅቱ ሲጀመር ኮምፒውተር ላይ ፈተና ይሰጡናል። ቃላት ያሳዩናል፤ ቆይተው የትኞቹን አያችሁ ይሉናል። ጭንቅላታችንን ከተመታን ያንኑ ፈተና ይደግሙልናል፤ ውጤታችን ከወረደ ጨዋታ የለም። ሶ፣ ሁላችንም የመጀመሪያውን ሆን ብለን እንሳሳታለን።"

"ለምን?"

"ደህና ሆነን ደደብ ከመሰልን፣ ተመትተን ደደብ ስንሆን ማን ይለየናል?"

ከበላያቸው ድልድዩ ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ይርጉ እስኪያልፍ ጠበቀ።

"ናዝራዊት ታውቃለች?"

"ራሴን እንደሚያመኝ ታውቃለች። ማይግሬን ነው ብያታለሁ።"

"መርሳትህንስ?"

እዮብ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ።

"እሷንም እንደ ፈተናው ነው ያደረግኳት።"

"እንዴት አድርገህ?"

"ገና ስንተዋወቅ፣ ደህና በሆንኩበት ቀን፣ እያወቅኩ ረሳሁ እላት ነበር። ቁልፍ ረሳሁ። ቀጠሮ ረሳሁ። ስሟን ናዝሬት እያልኩ አስቃታለሁ። አሁን የእውነት ስረሳ ይኸው ትስቃለች።"

ይርጉ የሰው ገመና ሲሰማ ነው የኖረው፤ ይህን የመሰለ ግን ሰምቶ አያውቅም። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገ።

"ሌላስ ያልነገርከኝ አለ?"

"ባለፈው አንድ ቀን... የመታጠቢያ ቤቴ በር ተገንጥሎ አገኘሁት። እጄ ደምቷል። ቤት ውስጥ ከኔ በቀር ሰው አልነበረም። ምን እንዳናደደኝ አላውቅም ጋሼ። አንድም ነገር አላስታውስም።"

"እሷ የት ነበረች?"

"ሥራ ላይ።"

"ብትኖርስ ኖሮ?"

እዮብ ጠማማ ጣቶቹን መዳፉ ውስጥ ደበቀ። ይርጉም አልደገመለትም።

"ሐኪሙ ምን አለህ?"

"ሰው በሕይወት እያለ እርግጡን ማወቅ አይቻልም አለኝ። ከሞትኩ በኋላ ነው አንጎሌን ቆርጠው የሚያዩት። ግን ከጎኔ ይቆም የነበረው ተከላካይ፣ ወንድሜ ማለት ነው፣ አሁን ልጆቹን በስማቸው አይጠራም። ገና አርባ ዓመቱ ነው።" አንገቱን ወደ ይርጉ አዞረ። "እሷ አጠገቤ ስትሆን እተኛለሁ። ሌላ ጊዜ አልተኛም። ዛሬ ብቻ ይለፍልኝ። ከሠርጉ በፊት ራሴ እነግራታለሁ።"

"ትነግራታለህ?"

"ካልረሳሁ" አለና እዮብ ራሱ በራሱ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ እንባው ከመነጽሩ ሥር ወረደ።

ይርጉ ይህን ልጅ ከወሊሶ፣ ጥርሱ ሳይበቅል ጀምሮ ያውቀዋል። እናቱ ያረፈች ጊዜ ካናዳ ድረስ ሄዶ መርዶውን የነገረው እሱ ነው።

"ስማኝ" አለው። "ከጠየቁኝ አልዋሽም። ካልጠየቁኝ አልናገርም። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።"

እዮብ የይርጉን እጅ ስቦ ሳመው። ይርጉ እጁን መልሶ ሲስብ አንዳች የቀለለው ነገር ነበር፤ ያ መቅለሉ ግን አላማረውም።

ተክለጻድቅ ሲታክ ባለው አፓርታማው ሳሎን ውስጥ የይርጉን ነጠላ ዘርግቶ ይተኩሳል። እዮብ መጋረጃውን ጋርዶ መኝታ ቤት ተኝቷል። ይርጉ በሩን ዘጋና በጃክሰን ጎዳና የሆነውን፣ ከድልድዩ ሥር የሰማውንም ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረው።

ተክለጻድቅ ካውያውን አላቆመም።

"ክላክስ ሲያበዙበት ተናደደ። አንተ አትናደድም?"

"ተክሌ፣ እኔ ሱፉን አልረሳም።"

"የኔ ልጅ በሽታው ምንድን ነው? እስቲ ስሙን ንገረኝ! ሐኪሙ አላውቀውም አለ፤ ሲሞት ነው የሚታየው አለ። ሐኪም ያላወቀውን እኔና አንተ ምን ብለን ነው የሰው ቤት ሄደን የምንናገረው? ልጄ ሲሞት የሚታወቅ በሽታ አለበት ልትላቸው ነው?"

"እንዳለበት ያውቃል እኮ። ራሱ ያውቃል።"

"ብቻውን ስለሆነ ነው!" ካውያውን አቁሞ አስቀመጠው። "ጎረምሳ ሆኖ ከቤት ወጣ፤ በሆቴልና በአውቶቡስ ኖረ። ቤት የለውም፣ ሚስት የለችው፣ ልጅ የለው። ማን አይረበሽም! ትዳር ያረጋጋዋል። እኔን ራሴን ያረጋጋኝ ምን ሆነና? ልጅ ወልዶ ሲያቅፍ ያን ጊዜ ታየዋለህ።"

ከጣሪያው በላይ አውሮፕላን ወደ መሬት ሲወርድ መስኮቱ ተርገበገበ። አውሮፕላኑ ሲያልፍ የተክለጻድቅ ድምፅ ሌላ ሆኖ ነበር።

"ሞግዚት ባገኝ ኖሮ እዚያ አዳራሽ አልወስደውም ነበር። በገዛ እጄ ነው ጫማውን ያሰርኩለት። ይኼን አንድ ነገር ላስተካክልለት ይርጉ። አንድ ነገር።"

በሩ ተንኳኳ። አኒስ ነበር፤ ሬኒየር ጎዳና ላይ ሥጋ ቤት ያለው የስልጤ ሰው፣ የዛሬው ሁለተኛ ሽማግሌ። ሦስተኛው ቄሱ ነበሩ፤ ፈረቃቸው ተቀይሮባቸው ኤርፖርት ሥራ ገቡ።

"ምነው ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት?" አለ አኒስ ገና ከበሩ። "ቄሱ ቀሩ፣ ሙስሊሙ መጣ! የልጅቷ አባት ሀይለየሱስ ምን ይል ይሆን? እኔ ግን የምፈራው አንድ ጥያቄ ነው፤ ልጁ ስንት ጎል አግብቷል ካሉኝ ምን ልመልስ?"

"አንድ በለው" አለ ተክለጻድቅ ሳይወድ ፈገግ ብሎ።

"በራሱ ላይ ያገባውን ነው የምትለኝ?"

ይርጉም ሳቀ። ነጠላውን ተቀብሎ ትከሻው ላይ ሲጥል የካውያው ሙቀት ገና አልለቀቀውም ነበር። ተክለጻድቅ በሩ ድረስ ሸኛቸውና የይርጉን ክንድ ያዝ አደረገው።

"እንደጨረሳችሁ ኮል አድርግልኝ። ሱፉን እኔ ሄጄ አመጣዋለሁ፤ ለብሶ ይጠብቃል።"

መንገዱ ላይ አኒስ ስለ ሥጋ ዋጋ መወደድ ሲያወራ ይርጉ በልቡ ይጸልይ ነበር። ጸሎቱ አጭር ነበር፦ ጌታ ሆይ፣ ስለ ጤናው አያንሱብኝ።

አቶ ሀይለየሱስ ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር፣ ከቼሪ ጎዳና ገባ ብሎ ያለ አሮጌ ቤት አላቸው። በዙሪያቸው የነበረው ሐበሻና ጥቁር ሁሉ ቤቱን እየሸጠ ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ እሳቸው ከግራና ቀኝ በበቀሉ መስታወታም ፎቆች መሃል አንሸጥም ብለው ቀርተዋል። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የመጡ ዕለት "እናጣራ" ብለው መልሰዋቸው ነበር። ዛሬ መልስ ነው።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናዝራዊት ናት።

"አንቺ ልጅ! የምትጠየቂ አንቺ፣ በር የምትከፍቺ አንቺ?" የሚል የእናቷ የወይዘሮ አዲስአለም ድምፅ ከውስጥ መጣ።

"ደወሉ ተደወለ እኮ እማ! ምን ላድርግ?" ናዝራዊት አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ በቀጥታ መምጣቷ ነው፤ የስም ባጇ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። አኒስ ቀድሞ ሲገባ ይርጉን ኮሪደሩ ላይ በዓይኗ አስቀረችው።

"ጋሼ፣ እዮብ ደህና ነው? ከጠዋት ጀምሮ ስልክ አያነሳም።"

"ተኝቷል።"

"ያው ማይግሬኑ ነው። የዛሬው ጭንቀት ይሆናል" አለች ለራሷ ያህል። "ወይ ደግሞ ስልኩን የሆነ ቦታ ረስቶት ይሆናል። እሱ ከድሮም ረሺ ነው፤ ራሱን የሆነ ቀን ይረሳዋል እያልኩ ነው የምስቅበት።"

ይርጉ አብሯት ለመሳቅ ፊቱን አዘጋጀ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም።

"አያስቡ፣ ተስማምተናል" አለች እሷ ቀጥላ፣ የከበደው ነገር የኑሮ ጉዳይ መስሏት። "እኔ ነርሲንግ ልማር ነው። ሥራዬን ወደ ማታ አዞራለሁ። ልጅ ሲኖረን እሱ ቤት ሆኖ ይይዛል። ልጅ ሲወድ ደግሞ! ያን የሚያህል ሰው፣ የእህቴን ሕፃን ሲያቅፍ ቢያዩት።"

"ናዝራዊት!" አለ የእናቷ ድምፅ።

"መጣሁ!" ወደ ኩሽና ሮጠች።

ይርጉ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ነጠላውን አስተካክሎ ገባ።

ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮቹ በሁለት ወገን ተደርድረዋል። በመስኮቱ በኩል ለሽማግሌዎቹ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ለቤተሰቡ። አቶ ሀይለየሱስ ሶፋው ላይ፣ ወይዘሮ አዲስአለም ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ አንድ ባዶ ወንበር አለ። እንደ ወጉ ይርጉና አኒስ ነገራቸው እስኪሰማ አልቀመጥም ብለው ቆሙ።

"እንደ ነገርናችሁ ነው የመጣነው" አለ ይርጉ። "ልጃችሁን ለልጃችን ለእዮብ ተክለጻድቅ እንድትሰጡን።"

አቶ ሀይለየሱስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደስታቸውን ሊደብቁ ቢሞክሩም ጢማቸው ሥር ያስታውቅባቸዋል።

"አጣርተናል። ተክለጻድቅን እናውቀዋለን፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ነው። እናቲቱም፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጨዋ ነበረች። ዘሩ ደህና፣ ሃይማኖቱ ደህና።" ጣታቸውን እያጠፉ መጡና ቆም አሉ። "እንደ ወጉ ቀጥሎ የሚጠየቀው ጤና ነው። ይህንን ሳስብ ግን ለራሴ ሳቄ መጣ። ያ ሁሉ ዓመት በረዶ ላይ ሲጋጭ የኖረ፣ ሐኪም እግር በእግር የሚከተለው ሰው! በቴሌቪዥን ያየሁት ዕለት ሰውየው መጥቶ ሲገጨው እንደ ግድግዳ ነው የቆመው። ስለ ጤናስ እሱ እኛን ይጠይቀን እንጂ!"

ወይዘሮ አዲስአለም ሳቁ። አኒስ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

"እኔ ደግሞ ጎል ያሉኝ እንደሆነ ብዬ ነበር የሰጋሁት!" አለ።

"ጎሉን አሁን አገባ እንጂ!" አሉ ሀይለየሱስ። "ሶ፣ ጥያቄ የለንም። ሰጥተናችኋል። አሁን ተቀመጡ።"

አኒስ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ወንበሩ ላይ ተለቀቀ። ይርጉ ግን እንደቆመ ቀረ።

አልጠየቁትም። ለእዮብ የገባው ቃል በሁለቱም በኩል ተጠብቆለታል፤ አልዋሸም፣ አልተናገረም። መንገድ ላይ የጸለየው ጸሎት ቃል በቃል ተሰምቶለታል። ይርጉ በዕድሜው ብዙ ነገር ለምኖ ብዙ ነገር ተነፍጎ ያውቃል፤ ቅር ብሎትም አያውቅም። ዛሬ የለመነው ሲሰጠው ግን እንዲህ ያለ ጸሎት በአፉ መውጣቱ አሳፈረው።

"ይርጉ፣ ምነው?" አሉ ሀይለየሱስ። "ኧረ ተቀመጥ። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረን፤ ዋስ። ለሥርዓቱ ያህል ነው። ነገ ቢጋጩ፣ ክፉ ቢያናግራት፣ እጁን ቢያነሳባት፣ እግዜር አያድርገውና፣ በሩን የማንኳኳው ሰው ማን ነው?"

"ይኸው ነዋ!" አኒስ በአገጩ ወደ ይርጉ ጠቆመ። "በዚህ ከተማ ከሱ የሚታመን ዋስ ከየት ይመጣል?"

"እኛም ልባችንን የጣልነው ባንተ ነው ይርጉ። አንተ ባታመጣው ኖሮ ገና እናጣራ ነበር" አሉ ወይዘሮ አዲስአለም።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። ተክለጻድቅ መሆኑን ሳያየው አወቀ። አሁን ሱፉ ከላስቲኩ ወጥቶ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እዮብ ፊቱን ታጥቦ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አባቱን ዓይን ዓይኑን ያያል። ስልኩ ነዝሮ ነዝሮ ተወ። ከኩሽና የብርጭቆ ድምፅና የናዝራዊት ዝግ ያለ እንጉርጉሮ ይሰማል።

ይርጉ ተራመደ። አኒስ ቦታ ሊለቅለት ጠጋ አለ፤ ይርጉ ግን አልፎት ሄደ። ምንጣፉን አቋረጠና ከወይዘሮ አዲስአለም ቀጥሎ ያለው ባዶ ወንበር ላይ፣ በሴቷ ወገን፣ ተቀመጠ።

ሽማግሌ የላኪውን ወገን ትቶ የተላከበት ወገን ሲቀመጥ ማንም አይቶ አያውቅም።

"አንተ ሰውዬ፣ ወንበርህ እኮ ወዲህ ነው" አለ አኒስ። ቀልድ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን እየቀጠነ አለቀበት።

"ዋስ እሆናለሁ" አለ ይርጉ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣምሯል። "የምሆነው ግን ለናዝራዊት ነው።"

"አልገባኝም" አሉ ሀይለየሱስ። ፈገግታቸው ገና ከፊታቸው ሙሉ በሙሉ አልሄደም ነበር። "የእዮብ ሽማግሌ አይደለህም እንዴ?"

"እዮብን እወደዋለሁ፤ ልጄ ነው። ክፉ ሰውም አይደለም።" ወደ ኩሽናው በር አየ። "ያልጠየቃችሁኝ ነገር አለ። እሱን ከመናገሬ በፊት ግን እሷ ትምጣ። እሷ በሌለችበት አልናገረውም።"

አኒስ ከመቀመጫው ተነሳ። "ይርጉ፣ ተክሌን ምን ልትለው ነው?" አለው በሹክሹክታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው።

የይርጉ ስልክ ኪሱ ውስጥ እንደገና መንዘር ጀመረ። አውጥቶ አጠፋው።

ወይዘሮ አዲስአለም ልጃቸውን ሊጠሩ ዞር አሉ። መጥራትም አላስፈለገም፤ ናዝራዊት የውሃ ብርጭቆዎች የደረደረችበትን ትሪ በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ይርጉን በእናቷ ጎን ተቀምጦ ስታየው ፈገግ አለች፤ ቀጥሎ የአባቷን ፊት አየች።

ይርጉ ተነስቶ ትሪውን ከእጇ ተቀበላትና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ የተቀመጠበትን ወንበር ወደ እሷ አዞረላት።

"ተቀመጪ ልጄ" አላት። "የምነግርሽ ረጅም ነው።"